ኳሷን ፍለጋ፦ የአንድ ሳሎን ፕሮጀክተር፣ መጋረጃና ብርሃን (የጉዳይ ጥናት)

አባባ ኳስ የሚያዩት በጆሯቸው ነበር። ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣሉ፤ ግን ቀና የሚሉት ኮሜንታተሩ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ነው። «ማን ጋ ናት ኳሷ?» ይላሉ። ሁለቱም ዓይናቸው ላይ የሞራ ግርዶሽ አለ። ቀዶ ጥገናው ቀጠሮ ተይዞለታል፤ ስኳራቸው መጀመሪያ ይስተካከል ተብሏል። እስከዚያ ድረስ ባለ 32 ኢንቹ ቴሌቪዥን ላይ ያቺ ነጭ ነጥብ ለሳቸው የለችም።

«ትልቅ አድርገን ብናሳያቸውስ?» ያለችው እህቴ ናት። ሁለታችንም ስለ ፕሮጀክተር የምናውቀው ስብሰባ ላይ ያየነውን ብቻ ነበር። ጥቅምት 2017 መጨረሻ ላይ አንዲት ትንሽ ፕሮጀክተር ገዛን። አንድ ሙልሙል ዳቦ ታክላለች። ካርቶኗ ላይ «9000 ሉመን» ተጽፏል፤ ሉመን ፕሮጀክተሩ የሚረጨው ጠቅላላ ብርሃን መለኪያ ነው። ሻጩ ሱቁ ውስጥ ጨለም ያለ ጥግ ፈልጎ አበራልን። ምስሉ ቁልጭ ያለ ነበር። ደስ ብሎን ከፍለን ወጣን።

ከዚያ በኋላ ያለው የሦስት ወር ሙከራ ነው። ሰው ሁሉ «የቱን ፕሮጀክተር ልግዛ?» እያለ ስለሚጠይቀኝ ነው እንዲህ በዝርዝር የጻፍኩት። ለኔ ያ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው «ክፍሉ በስንት ሰዓት ምን ያህል ብርሃን አለው?» የሚለው ነው።

ክፍሉና ሰዓቱ

ቤቱ አዲስ አበባ ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ኮንዶሚኒየም ነው። ሳሎኑ 3.6 በ4.2 ሜትር ነው። አንድ ሰፊ መስኮት አለው፤ ወደ ምዕራብ ያያል። ግድግዳው በክሬም የዘይት ቀለም ተቀብቷል፣ ያብረቀርቃል። ጣሪያው ነጭ ነው። ወለሉ ሴራሚክ ነው። አንዴ ብርሃን ከገባ የሚውጠው ነገር የለም፤ ከግድግዳ ወደ ጣሪያ፣ ከጣሪያ ወደ ወለል እየተንጸባረቀ ይዞራል።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። አባባ የሚከታተሉት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ነው። እንግሊዞች በጥቅምት አጋማሽ ገደማ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ የቅዳሜው የመጀመሪያ ጨዋታ እኛ ጋ ከቀኑ 9:30 ይሆናል። ሁለተኛዎቹ 12:00 ላይ ይጀምራሉ። የመጨረሻው ከምሽቱ 2:30 ነው። አንድ ቀን፣ አንድ ክፍል፣ ሦስት የተለያየ ብርሃን። 9:30 ላይ ደግሞ ፀሐይዋ ልክ በኛ መስኮት ትክክል ናት።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ይህ ሁሉ አልገባንም። ምስሉን ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ ጣልነው። ከጥግ እስከ ጥግ 100 ኢንች ነው፤ ወርዱ 2.21 ሜትር፣ ቁመቱ 1.25 ሜትር ይሆናል። መስኮቱ ላይ የተለመደው ስስ ነጭ መጋረጃ ነበር። ጨዋታው ተጀመረ። ግድግዳው ላይ የሚታየው ነገር ውሃ የነካው ፎቶ ይመስላል። ሜዳው ሐመር አረንጓዴ ነው። ተጫዋቾቹ ጥላ ናቸው። አባባ ትንሽ ጠበቁና፣ «ልጄ፣ ቴሌቪዥኑን ክፈትልኝ» አሉኝ። «ምንም አይታየኝም» አላሉም፤ እኛን ላለማሳዘን ነው። እኔን ግን ያ ነው ያሳዘነኝ።

በስልክ መለካት

ማታ ስልኬ ላይ ብርሃን የሚለካ አፕ ጫንኩ። አብዛኛው ስልክ ከፊት ካሜራው አጠገብ ብርሃን የሚያይ ትንሽ ሴንሰር አለው። አፑ ያንን በሉክስ ይነግራችኋል፤ ሉክስ ማለት አንድ ስኩዌር ሜትር ላይ የሚያርፈው የሉመን መጠን ነው። እንደ ላብራቶሪ መሣሪያ ትክክለኛ አይደለም። አንዱን ሁኔታ ከሌላው ለማወዳደር ግን ይበቃል። አጠቃቀሙ ቀላል ነው። የስልኩን ጀርባ ምስሉ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ ትለጥፉታላችሁ፣ ፊቱ ወደ ክፍሉ ያያል። እጃችሁ ጥላ እንዳይጥል ወደ ጎን ትሆናላችሁ። መጀመሪያ ፕሮጀክተሩ ጠፍቶ የክፍሉን ብርሃን ታነባላችሁ። ቀጥሎ ክፍሉን አጨልማችሁ፣ ፕሮጀክተሩ ነጭ ብቻ እንዲያሳይ አድርጋችሁ፣ ምስሉን ዘጠኝ ቦታ ከፍላችሁ የዘጠኙን አማካይ ትወስዳላችሁ። አንሲ (የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም) ሉመን የሚባለው አለካክም መሠረቱ ይኸው የዘጠኝ ነጥብ አማካይ ነው።

የትንሿ ፕሮጀክተር አማካይ 80 ሉክስ ሆነ። ያንን በምስሉ ስፋት፣ በ2.76 ስኩዌር ሜትር፣ ስናባዛው 220 ሉመን ገደማ ይመጣል። ካርቶኑ ላይ ያለው 9000 ነው። ስልኬ በግማሽ ተሳስቷል ብንል እንኳ ሁለቱ ቁጥሮች አይገናኙም። ርካሽ ፕሮጀክተሮች ካርቶን ላይ «ሉመን» ተብሎ ብቻ የሚጻፍ ቁጥር ብዙ ጊዜ ከዚህ አለካክ ጋር ዝምድና የለውም። አንሲ ወይም አይኤስኦ (ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት) የሚል ቃል ከጎኑ ከሌለ እኔ አላምነውም።

በማግስቱ ከቀኑ 9:30 ላይ የክፍሉን ብርሃን ለካሁ። ስሱ መጋረጃ ተጋርዶ ግድግዳው ላይ 240 ሉክስ ያርፋል። የፕሮጀክተሯ ሦስት እጥፍ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ነው። ፕሮጀክተር ጥቁር መርጨት አይችልም። ብርሃን ብቻ ነው የሚጥለው። ምስሉ ላይ «ጥቁር» የምንለው ፕሮጀክተሩ ምንም ያልጣለበት ግድግዳ ነው። እንግዲህ በምስሉ ላይ ከሁሉ የጠቆረው ቦታ ማለት ፕሮጀክተሩ ሲጠፋ የምታዩት ግድግዳችሁ ነው። ከዚያ የባሰ ሊጠቁር አይችልም። 9:30 ላይ ግድግዳችን ፀሐይ ጠጥቶ የፈካ ክሬም ነበር። የአባባ ተጫዋቾች ጥቁር ፀጉር፣ ጥቁር ቁምጣ፣ የጎሉ ጥላ፣ ሁሉም ያ ክሬም ነው።

ለአባባ ግን ጥቁሩ አልነበረም ዋናው። ኳሷ ናት። ስለዚህ ኳሷን መለኪያ አደረግኳት። ጨዋታውን አቁሜ ሳሩ ላይ ስለካ ከነጩ አንድ አምስተኛ ያህል ሆነ። ይኸ ማለት ብርሃን የሌለበት ክፍል ውስጥ ኳሷ ከሳሩ አምስት እጥፍ ትደምቃለች። ከዚያ በላይ አትሄድም። በ9:30ው ብርሃን ግን ኳሷ 80 ሲደመር 240፣ ሳሩ 16 ሲደመር 240 ነው። 320 ለ256። ኳሷ ከሳሩ የምትደምቀው በሩብ ብቻ ነው። ጤነኛ ዓይን ይህንን ይለየዋል። ሞራ ያለበት ዓይን ግን የሚቀራረብ ቀለም መለየት ነው ከሁሉ የሚቸግረው።

አንድ ፈተናም አዘጋጀሁ። አሥር ቦታ ላይ ጨዋታውን አቆማለሁ፤ አባባ ኳሷ ያለችበትን በምርኩዛቸው ያሳያሉ። ደስ ብሏቸው ተቀበሉ። ከአሥር ሁለት አገኙ።

ኃይለኛው ፕሮጀክተር

አንድ ጓደኛዬ የቢሮ ፕሮጀክተር አለው። መግለጫው ላይ 3600 ሉመን ይላል፣ ሥራውም ይመሰክራል። ለአንድ ሳምንት አዋሰኝ። «በቃ፣ ይኸ ከሆነ ተገላገልን» ብዬ ነበር።

ስለካው 690 ሉክስ አካባቢ ሰጠኝ። ወደ 1900 ሉመን ነው። ለምን አነሰ? አንዱ ምክንያት አምፖሉ ያረጀ መሆኑ ነው። የፕሮጀክተር አምፖል እየቆየ ይደክማል፤ «ዕድሜው 5000 ሰዓት ነው» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ሰዓት ብርሃኑ ግማሽ ይሆናል ማለት ነው። ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። የቢሮ ፕሮጀክተር ብዙ ጊዜ ቅርጹ 4 በ3 ነው፣ ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ የተሠራ ነው። ኳስና ፊልም ግን 16 በ9 ነው። ሰፊውን ምስል እዚያ ቅርጽ ውስጥ ስታስገቡት ከላይና ከታች ባዶ ይተርፋል። የብርሃኑ ሩብ እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ይቀራል። 3600 የነበረው ገና ከመነሻው 2700 ሆነ ማለት ነው።

ያም ሆኖ ከትንሿ ከስምንት እጥፍ በላይ ይበልጣል። 9:30 ላይ በስሱ መጋረጃ አበራነው። ይታያል። ኳሷ ከሳሩ ሁለት ተኩል እጥፍ ደመቀች። አባባ ከአሥር ስድስት አገኙ። እህቴ «ይኸንኑ እንግዛ» አለች። እኔም ወደዚያው አዘንብዬ ነበር። ግን ምስሉ አሁንም ታጥቦ የተሰጣ ነገር ይመስላል፣ ማራገቢያውም ይጮኻል።

ልብስ ሰፊው

እማዬ ናት መላውን ያመጣችው። «መስኮቱን ለምን አትዘጉትም?» አለች። እውነቷን ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ብርሃን ስንጨምር ከረምን እንጂ ብርሃን መቀነስ አላሰብንም።

ሰፈር ያለው ልብስ ሰፊ ጋ ሄድን። ወፍራም ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ መረጥን። ብርሃን የማያሳልፍ ገበር ከጀርባው ገባለት። ከፕሮጀክተሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ወጪው ትንሽ ነው። የመጀመሪያው ቀን ስንሰቅለው 22 ሉክስ ላይ ቆመ። ከ240 ወደ 22፤ ደስ ብሎን ነበር። ግን መጋረጃው ራሱ ብርሃን አያሳልፍም፣ ታዲያ 22ቱ ከየት መጣ? አምፖሉን ሁሉ አጥፍቼ ክፍሉ መሃል ቆምኩ። ከመጋረጃው ብረት በላይ ጣሪያው ላይ ነጭ የብርሃን መስመር ተሰንጥቋል። በግራና በቀኝም እንደዚሁ። ብርሃን እንደ ውሃ ነው፤ ክፍተት ካገኘ ይገባል፣ ነጭ ጣሪያ ካገኘ ደግሞ ይዘረጋል።

አናጢ ጠራን። ከመጋረጃው በላይ በኮምፔንሳቶ ጠባብ ክዳን ሠራልን፤ ግድግዳው ላይ ገጥሟል። መጋረጃውም ከመስኮቱ ጠርዝ በየጎኑ ሁለት ስንዝር ያህል እንዲያልፍ አደረግነው። ስልኩ 4 ሉክስ አነበበ፣ ውጭ ፀሐይ እያለ።

ከዚያ ያቺን የተናቀች ትንሽ ፕሮጀክተር መልሰን አበራናት። ኳሷ 84፣ ሳሩ 20። ከአራት እጥፍ በላይ! አባባ ከአሥር ስምንቱን አገኙ። ይኸ ውጤት አሁንም ይገርመኛል። በ220 ሉመን ከመጋረጃ ጋር ያየነው ምስል በ1900 ሉመን ያለመጋረጃ ካየነው በለጠ።

ደብዛዛ ናት፣ አልክድም። 80 ሉክስ ነጭ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ወደ ዓይን የሚመለሰው ድምቀት በስኩዌር ሜትር ከ25 ካንዴላ አይበልጥም። ግን የዲጂታል ሲኒማ ቤት ደረጃ ራሱ 48 ካንዴላ ነው። ሲኒማ ቤት ምስሉ የሚያምረው ብርሃኑ ስለበዛ አይደለም፤ አዳራሹ ስለጨለመ ነው። አሁን አሁን ማንም ቴሌቪዥን ከዚያ እጅግ ይበልጣል።

በነገራችን ላይ ብርሃን የሚመልስ ልዩ ስክሪን አለ። ከጎንና ከላይ የሚመጣን ብርሃን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይጥለዋል፤ ከፊት የሚመጣውን ለተመልካቹ ይመልሳል። ጥሩ ነገር ነው። የኛ መስኮት ግን ፊት ለፊት ነበር። ከፕሮጀክተሩ አቅጣጫ የሚመጣን ብርሃን ስክሪኑ ከፕሮጀክተሩ ብርሃን ሊለየው አይችልም። ስለዚህ ተውነው። በምትኩ ምስሉን ወደ ጎን ግድግዳ አዛወርነው። በስሱ መጋረጃ ብቻ 240 የነበረው እዚያ 130 ሆነ፣ ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ። ያንን ግድግዳ የማያብረቀርቅ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ቀባነው። በዘይት ቀለሙ ላይ ምስሉ መሃል አንድ የሚያበራ ክብ ይታይ ነበር፤ እሱም ጠፋ።

ሦስተኛው ፕሮጀክተር

መጋረጃው ካለ ለምን ትንሿን አላስቀረናትም? ሁለት ምክንያት አለን። አንደኛ፣ ምስሏ ጥራት የለውም፤ ጠርዝ ጠርዙ ይደበዝዛል፣ የተጫዋቾቹ ቁጥር አይነበብም። ሁለተኛ፣ ቤተሰብ ሁልጊዜ ጨለማ ውስጥ አይቀመጥም። ምሽት ላይ የጣሪያው አምፖል ሲበራ ግድግዳው ላይ 70 ሉክስ ያርፋል። በዚያ ብርሃን ትንሿ ጋ ኳሷ እጥፍ እንኳ አትደምቅም።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ያገለገለ የቤት ፕሮጀክተር አገኘን። ፉል ኤችዲ ነው፣ ቅርጹ 16 በ9። መግለጫው 3400 ሉመን ይላል፤ አምፖሉ 1900 ሰዓት ሠርቷል። ስንለካው «ዳይናሚክ» በሚባለው ሞድ 880 ሉክስ፣ «ሲኒማ» በሚለው 560 ሰጠ። መግለጫ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ከሁሉ የሚደምቀው ሞድ ነው። በዚያ ሞድ ግን ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ያጋድላል፤ ሳሩ ያልበሰለ ሎሚ ይመስላል፣ የሰው ፊት የታመመ ይመስላል። ለቀን ጨዋታ እንታገሠዋለን። ማታ ሲኒማው ላይ ነን።

ሌላም ነገር አለ፣ አዲስ አበባ ላለ ሰው ሁሉ ይጠቅማል። የብዙ ፕሮጀክተሮች መመሪያ ከባሕር ወለል በላይ 1500 ሜትር ካለፋችሁ «ሃይ አልቲቱድ» የሚለውን ሞድ ክፈቱ ይላል። አየሩ ሲሳሳ አምፖሉን ማቀዝቀዝ ይከብደዋል፤ ስለዚህ ማራገቢያው በርትቶ መዞር አለበት። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። እኛ ሳናውቅ ለአሥር ቀን ዝም ብለን ስንጠቀም ሁለት ጊዜ በሙቀት ራሱን አጥፍቷል። ሞዱን ስንከፍት ድምፁ ጨመረ፤ መጥፋቱ ግን ቀረ። መግዛት የምታስቡ ካላችሁ ድምፁን ሱቅ ውስጥ ያንን ሞድ ከፍታችሁ ስሙት።

መብራት ድንገት ሲጠፋም የጋለው አምፖል ማራገቢያ አጥቶ ይቀራል። ከኮምፒውተር የተረፈ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ሣጥን) ላይ ሰካነው። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚይዘው፤ በሥርዓት አጥፍተነው እስኪቀዘቅዝ ይበቃል።

ቡናው

ቅዳሜ ከሰዓት ቡና አለ። ቡና ደግሞ ጨለማ ውስጥ አይፈላም። እማዬ ሲኒዋን ማየት አለባት፣ ጎረቤት ይመጣል፣ ሰው ፊት ለፊት እየተያየ ነው የሚጫወተው። የመጀመሪያ ሰሞን በዚህ ተጋጨን። አባባ መጋረጃው ይዘጋ ይላሉ፤ እማዬ «እንደ ሌሊት ወፍ አድርጋችሁን ቀራችሁ» ትላለች። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ቀስ በቀስ እንዲህ አስታረቅነው። ረከቦቱ ከምስሉ ራቅ ብሎ ወደ በሩ ጥግ ሄደ። እዚያ አጭር የማዕዘን መብራት አስቀመጥን፤ ጥላው ወደ ታች ነው። ግድግዳው ላይ የሚያርፈው 3 ሉክስ ብቻ ነው፤ ሲኒው ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ብዙ እንግዳ ሲኖርና መጋረጃው ሲገለጥ ደግሞ ምስሉን ከ100 ወደ 85 ኢንች እናሳንሰዋለን። ያው ብርሃን ትንሽ ቦታ ላይ ሲከማች ድምቀቱ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ይጨምራል። ያኔ በ130 ሉክስ ውስጥ ኳሷ ከሳሩ ሦስት ተኩል እጥፍ ትሆናለች። አባባ «ትንሽ ታጥቧል» ይላሉ፤ ግን ይከታተላሉ።

ረከቦቱን ያራቅነው ለሌላም ምክንያት ነው። እጣኑ ሲጨስ ጢሱ ወደ ጨረሩ ይወጣ ነበር። ጨለማው ውስጥ ሰማያዊና አረንጓዴ ሆኖ ሲጠቀለል በጣም ያምራል፤ ልጆቹ እጃቸውን ይሰዱበታል። ነገር ግን ጢሱ ብርሃኑን መንገድ ላይ ይበትነዋል፣ ምስሉም ይገረጣል። በሦስት ሳምንት ውስጥ የፕሮጀክተሩ አየር ማጣሪያ ላይ ቡኒ አቧራ ተለጥፎ አገኘሁት። አሁን በየወሩ አጸዳዋለሁ።

ከሁሉ የምወደው የ12:00ውን ጨዋታ ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ እዚህ ከ12 ሰዓት ጥቂት አልፎ ትጠልቃለች። ስሱን መጋረጃ ብቻ ጋርደን እንጀምራለን። ሲጀመር ስልኩ 35 ሉክስ ያነባል፤ በ25ኛው ደቂቃ 3። ማንም ምንም ሳይነካ የሜዳው አረንጓዴ ቀስ እያለ ይጎላል፣ መለያዎቹ ይደምቃሉ፣ የጎሉ መረብ ከጀርባው ካለው ሕዝብ ይለያል። አባባም ይህንን ያስተውላሉ። መጀመሪያ ወደ ፊት አጎንብሰው ነው የሚያዩት። እየመሸ ሲሄድ ጀርባቸው ወደ ሶፋው ይመለሳል።

በጥር አንድ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9:30 ጨዋታ ላይ፣ ውጭ ፀሐይ ያቃጥላል። ወፍራሙ መጋረጃ ተዘግቷል። እማዬ በማዕዘኑ መብራት ሁለተኛውን ትቀዳለች። አጥቂው ከተከላካዮቹ ጀርባ ኳሷን ተቀበለ። የመስመር ዳኛው ባንዲራውን ከማንሣቱ በፊት አባባ ምርኩዛቸውን ወደ ግድግዳው ቀሰሩና፣ «ኦፍሳይድ! ሁለት እርምጃ!» አሉ።